ለጋሽ ወልደየስ ያልተነሱ ድንጋዮች

ምንያህል መሥሪያ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ ከበሩ ውጭ ቆም ይላል። ኮቱን ይቆልፋል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ከዚያ ዝግ ባለ እርምጃ ይገባል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አለቃውን ፈርቶ አይደለም፤ ለድንጋዮቹ ብሎ ነው።

ድንጋዮቹ በሎቢው ግራ ግድግዳ ላይ ተደርድረው የተቀመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ጀርባቸው ከግድግዳው ጋር አንድ ነው፤ ፊታቸው፣ እጃቸውና ጉልበታቸው ወደ ውጭ ወጥቷል። ሰው ሲገባ ይነሳሉ። ለአንዳንዱ ነቅነቅ ብቻ ይላሉ። ለአንዳንዱ ከወገባቸው ብድግ ይላሉ። ለጥቂቶች ደግሞ ቀጥ ብለው ቆመው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሲነሱ የሚሰማው የእጅ ወፍጮ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። ሕዝቡ ኖር ባዮች ይላቸዋል፤ ኖር ሲሉ ግን የሰማቸው የለም።

ለምንያህል ከወገባቸው ይነሱለታል። ለእሱ ዕድሜ ይህ መጥፎ አይደለም፤ እሱም ያውቀዋል።

በከተማችን ቅርፃ ቅርፅ የሌለው ሕንጻ ማቆም ከተከለከለ ቆይቷል። ቅርፁም እንደ ድሮው አደባባይ ላይ ለብቻው የሚተከል ሐውልት አይደለም፤ ከሕንጻው ከራሱ አካል መውጣት አለበት። ስለዚህ አርክቴክቶቻችን ያገኙትን ሁሉ ለጠፉ። አንዱን የኢንሹራንስ ሕንጻ ቀና ብሎ ያየ ሰው የአክሱም መስኮት፣ የጎንደር ጉልላት፣ የጀጎል በርና የግሪክ ምሰሶ በአንድ ፊት ላይ ተደርድረው ያገኛል፤ ከላይ ደግሞ የአንበሳ ራስ ከመስታወቱ መሐል ብቅ ብሎ የዝናብ ውሃ ይተፋል። የምንያህል እንጀራም ይኸው ነው። የሕንጻ ፊትና መግቢያ ይነድፋል። ኖር ባዮቹ ከሌላ ቦታ ተሠርተው ይመጣሉ፤ እሱ የሚተውላቸው የሚገቡበትን ጎድጓዳ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የቀረፀቻቸው አንዲት ሴት ነበረች። አውቶቡስ ውስጥ ወጣቱ ተቀምጦ ሽማግሌው ሲንገላታ አይታ አዘነችና፣ ሰው ቢረሳ ድንጋይ ያስታውሰው ብላ በትልቁ ተርሚናል ግድግዳ ላይ ሠራቻቸው። ሐሳቧ ደግ ነበር። ሰው ግን አላስታወሰም። ድንጋዩ ከተነሳ እኔን ምን አደከመኝ አለና ጭራሽ ተደላድሎ ተቀመጠ። ዛሬ ታላቅ ሲገባ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ብርቅ ነው። ቢነሳም የሚያከብር ሳይሆን የሚሄድ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ደግሞ ማየት ጀመርን። ለማን ተነሱ? ለማን ሳይነሱ ቀሩ? በምን እንደሚመርጡ የሠሯቸው አይናገሩም፣ ሌላውም አይጠይቅም፤ "ድንጋይ አያዳላም" ብሎ ያልፋል። የባንክ ዘበኛ ሰው ከመፈተሹ በፊት ግድግዳውን ያያል። ቤት አከራይ ተከራዩን ሎቢ ውስጥ ይቀጥራል። በሽተኛ ማለዳ ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ለየትኛው ሐኪም እንደሚነሱ ይጠብቃል። የተከበረ ሰው እስኪመጣ ውጭ ቆይቶ ከኋላው ተለጥፎ የሚገባም አለ፤ ይህ ጥላ መያዝ ይባላል። ፈጽሞ ያልተነሱለት ሰው ግን ስሙ ጮክ ተብሎ አይነሳም። ምን አድርጎ ይሆን ይባልና ዝም ይባላል። እሱም አንገቱን ደፍቶ በዕቃ ማስገቢያ በር መግባት ይለምዳል።

ምንያህል ረድኤትን ሊያገባ ነው። ረድኤት የሕፃናት ነርስ ናት። ወላጆቿ የሚኖሩት ዋርካው በሚባለው ሕንጻ ነው፤ የኮንክሪት ዋርካ ከምድር ቤቱ ተነስቶ ፎቆቹን ሰንጥቆ ይወጣል፣ ቅርንጫፎቹ በረንዳዎቹን ተሸክመዋል፣ ከሥሩ ባለው ግድግዳ ላይ ኖር ባዮቹ እንደ አገር ሽማግሌ ተቀምጠዋል። መግቢያውን የነደፈው ራሱ ምንያህል ነው። ሎቢውን ሆን ብሎ አስረዝሞታል፣ ፊቱንም መስታወት አድርጎታል፤ ሰው ሲከበር ከመንገድ ጭምር እንዲታይ። ረድኤትን ያወቃትም ያን ሥራ ሲያስረክብ ነው።

ሽማግሌ መላክ ነበረበት። ወላጆቹ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት አጎቱ ጋሽ ወልደየስ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተው፣ ከጡረታ ወዲህ ከድሮው ኮንዶሚኒየማቸው ብዙም አይርቁም። ረድኤት በስልክ ብቻ ነው የምታውቃቸው። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት እሳቸው ለመሆናቸው ንግግር አላስፈለገም። "ሱፌ አርጅቷል፤ እዚያ ሰው መሐል እንዳላሳፍርህ አዲስ ላሰፋ" ብቻ አሉ።

ቅዳሜ ምንያህል ልብስ ሰፊዎቹ ወዳሉበት ሕንጻ ይዟቸው ሄደ። የሕንጻው በር የመርፌ ቀዳዳ ቅርፅ አለው። ጋሽ ወልደየስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀና ብለው አዩትና "በዚህ እንግዲህ ሀብታም አይገባም በለኛ" አሉ። ምንያህል ሳቀ። አጎቱን ወደ አዲሱ ከተማ ይዞ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ደስ ብሎታል።

ቀድሞ ገባ። ኖር ባዮቹ ከወገባቸው ተነሱለት። ጋሽ ወልደየስ ከኋላው እግራቸውን ሲያስገቡ ግን የወፍጮው ድምፅ ቆመ፤ ግማሽ የተነሱት ድንጋዮች ሁሉም ባንዴ ተመልሰው ተቀመጡ።

ሎቢው ውስጥ ያለው ሰው ዞር አለ። ዘበኛው ግድግዳውን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ መጣ።

"አባት፣ ወዴት ነው?"

"ሱፍ ላሰፋ ነው ልጄ።"

"ቦርሳውን ይክፈቱልኝ እስቲ። ከማን ጋር ነዎት?"

ጋሽ ወልደየስ ምንያህልን አዩት። ምንያህል ስልኩን እያየ ነበር። ስልኩ ላይ ምንም አልነበረም። ሊፍቱ ጋ እስኪደርስ እያየው ሄደ፤ ከዚያ ነው ዞሮ "ከእኔ ጋር ናቸው" ያለው፣ ሰው እንዳይሰማ በሚመስል ድምፅ።

"ይፈትሽ እንጂ፤ ሥራው ነው" አሉ አጎቱ ሲደርሱበት።

ልብስ ሰፊው ልካቸውን ሲወስድ ምንያህል መስኮቱን ይመለከት ነበር። አልቆ ሲወርዱ ወደ ኋላ ደረጃ መራቸው። "በዚህ ይቀርባል" አለ። በቆሻሻ በርሜሎችና በካርቶን መሐል አልፈው፣ በዕቃ ማስገቢያው ወጥተው ሕንጻውን ዞሩ። ጋሽ ወልደየስ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

ታክሲ ውስጥ ምንያህል አላስቻለውም።

"ጋሼ፣ ሰው በድለህ ታውቃለህ?"

"ያልበደለ ማን አለ ልጄ? ምነው?"

"እንዲሁ ነው።"

እንዲሁ አልነበረም። ሌሊቱን ሁሉ አጎቱን ልቡ ውስጥ ችሎት አቆማቸው። ያን ያህል ዘመን መሪ የጨበጠ ሰው አንድ ቀን ሰው ገጭቶ ሸሽቶ ቢሆንስ? ጡረታ የወጡት ወደው ነው ወይስ ተገደው? ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት በውሃ እርጥብ አድርገው ፀጉሩን ያበጥሩበት የነበረው እጅ ትዝ አለው፤ ያንንም እጅ ጠረጠረው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው፤ የጠረጠረ ምን እንደሚሆን ግን አይናገርም።

ሰኞ ለአለቃው ለአቶ ተካልኝ ነገራቸው። አቶ ተካልኝ ድንጋይ ቀጥ ብሎ የሚቆምላቸው ሰው ናቸው። ይህንን ስለሚያውቁ ሁልጊዜ በዋናው በር መሐል ለመሐል ነው የሚገቡት።

"ተወው፣ እኔ እመራለሁ" አሉ። "እኔ ካለሁበት ባዶ እጃችንን አይመልሱንም። አጎትህንስ ምን ትላቸዋለህ?"

"እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ደወለላቸው። ሽምግልናው ለጊዜው ተላልፏል አለ።

"ምነው፣ በደኅና?"

"በደኅና ነው። የእነሱ ዘመድ ታሞባቸው ነው።"

"እግዜር ይማረው። ታዲያ ሄጄ ልጠይቅ እንዴ?"

"አያስፈልግም ጋሼ።"

"ይሁን። ሱፉ እንደሆነ የትም አይሄድ።"

እሁድ ከሰዓት አቶ ተካልኝ ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው ወደ ዋርካው ገቡ። ምንያህል እንደ ደንቡ አብሮ አልገባም፤ ከመንገዱ ማዶ ጭማቂ ቤት ቁጭ ብሎ በመስታወቱ ይመለከታል። ኖር ባዮቹ ከዳር እስከ ዳር ተነስተው ቆሙ። ዘበኛው ኮፍያውን ነካ አደረገ። ምንያህል ተነፈሰ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለው።

ላይ ቤት የሆነውን በኋላ ነው የሰማው። ሽማግሌዎቹ፣ የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው በወጉ ቆመዋል። የረድኤት አባት አቶ ግርማቸው ስለ ልጁ ሥራና ጠባይ ጠየቁ፣ መልስም አገኙ። ከዚያ እናቷ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ያሳደጉት አጎቱስ? ምነው አላየኋቸው?"

አቶ ተካልኝ ለዚህ አልተዘጋጁም ነበር። "ትንሽ አመም አድርጓቸው ነው" አሉ። በእሳቸው ቤት ቀላሏን ውሸት መምረጣቸው ነው።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ነጠላቸውን አነሱ። "እንዴ፣ እሳቸው ታመው ተኝተው እኛ እዚህ ስለ ሰርግ እናወራለን? በሉ እንሂድ፣ ጠይቀናቸው እንመጣለን። ረድኤት፣ ብርቱካኑን ያዢ።"

ድንጋዮቹ ከመጡ ወዲህ ብዙ ነገር ትተናል። የታመመ መጠየቅን ግን የሚሠራልን ሐውልት ገና ስላልተሠራ አልተውንም። የአቶ ተካልኝ ስልክ ጭማቂ ቤቱ ደረሰ። "ምንያህል፣ ጉድ ፈልቷል። እየመጡ ነው።"

የጋሽ ወልደየስ ኮንዶሚኒየም ከክልከላው በፊት የተሠራ ስለሆነ ቅርፃ ቅርፅ የለውም። ቀለሙ የለቀቀ፣ ደረጃው የተሸራረፈ፣ ማንም ለማንም የማይነሳበት ሕንጻ ነው። ምንያህል ሦስተኛ ፎቅ በሩጫ ወጥቶ በሩን ሲያንኳኳ የከፈቱለት አጎቱ አዲሱን ሱፍ ለብሰው ነበር። የልብስ ሰፊው የጠመኔ ምልክት ከእጅጌው ላይ ገና አልጠፋም።

"ጠዋት ነው ያመጣሁት" አሉ፣ ሲሰርቁ እንደተያዙ ሁሉ። "ልኬ መሆኑን ልየው ብዬ ነው።"

ምንያህል እዚያው በር ላይ ቆሞ ተናገረ። "ሽማግሌ ልኬ ነበር። ዛሬ። አለቃዬን። አንተን ታመዋል ብለዋቸዋል፣ አሁን ሊጠይቁህ እየመጡ ነው።"

ጋሽ ወልደየስ ለምን ብለው አልጠየቁም። ይህን ጥያቄ ጠይቀውት ቢሆን ለምንያህል ይቀለው ነበር፤ መሬት መሬት እያየ የሚመልሰውን በታክሲው ውስጥ አዘጋጅቶ ነው የመጣው። እሳቸው ግን አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ፣ ጎን ለጎን አድርገው አስቀመጡት።

"ሕመሜ ምንድን ነው?" አሉ።

"እ?"

"እንዳልሳሳት ነው። ሲጠይቁኝ ምን ልበል?"

"ወገቤን በል።"

"ወገብ ጥሩ ነው" አሉና ጋደም ብለው ብርድ ልብሱን እስከ አንገታቸው ሳቡት። ልብስ ለመቀየር ጊዜ አልነበረም፤ ደረጃው ላይ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር።

ቀድመው የገቡት አቶ ግርማቸው ናቸው። እግራቸው ደፉን እንዳለፈ ጋሽ ወልደየስ ተነሱ። አስበውበት አይደለም፤ ሰባ ዘመን የለመደ ጉልበት አስቦ አይነሳም። "ኖር!" ብለው ብድግ ሲሉ ብርድ ልብሱ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ እሳቸውም በካልሲያቸው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ በአዲስ ሱፍ፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ለሽምግልና የተዘጋጀ ሰው ሆነው።

አቶ ግርማቸው ሥጋና ደም ያለው ሰው ከተነሳላቸው ብዙ ዘመን ሆኗቸው መሰለኝ፣ መልሱ ጠፋቸው። ቆይተው "በእግዚአብሔር" አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ኧረ አይነሱ፣ በሞቴ።" ወይዘሮ ፈትለወርቅ ሱፉን አዩ፣ ጫማውን አዩ፣ አቶ ተካልኝን አዩ። አቶ ተካልኝ ኮርኒሱን ተመለከቱ። ረድኤት ብርቱካኑን እንደያዘች ምንያህልን ነው ያየችው።

ምንያህል አፈረ። እጁን የሚያደርግበት አጣ። ሰው እንዲህ ሲሆን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ይላል፤ ያ ወለል ግን ቢከፈትም የሚጥለው ጎረቤት ሳሎን ነበር።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ ጋሽ ወልደየስ። "ልጁ ምራልኝ ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ድንጋዮቹ አይነሱልኝም። ሽማግሌ ሆኜ ስገባ ቁጭ ቢሉ የእናንተም ስም በክፉ ይነሳል፣ የልጁም ጉዳይ ይበላሻል ብዬ ነው። ታሟል የተባለውም በእኔ ነው።"

በከተማችን የማይጠየቀውን ወይዘሮ ፈትለወርቅ ጠየቁ። "ለምንድን ነው የማይነሱልዎት?"

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። "እኔው ነኝ ያስለመድኳቸው። ተርሚናሉ ላይ የተሠሩ ጊዜ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ላወጣ ስገባ ይነሱልኛል። መሐላቸው ቁርጥ እናቴን የምትመስል አሮጊት አለች። እሷ ለእኔ ብድግ ስትል ጨነቀኝ። በሞቴ አትነሱ፣ ቁጭ በሉ እላቸዋለሁ። እነሱ ይነሳሉ፣ እኔ እለምናለሁ። ስንት ጊዜ! አንድ ቀን ሰሙኝ። እርስ በርስ ይነጋገራሉ መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ የትም ብሄድ አይነሱም። ጥሩ ናቸው። ሰው እንኳ እንደዚያ አይሰማም።"

ነገሩ ይኸው ነበር። በእኛ አገር በሞቴ አትነሱ የተባለ ሰው ይብስ ይነሳል እንጂ አይቀመጥም። ይህን ለድንጋዮቹ የነገራቸው የለም። ምንያህል ግን ሌላ ነገር ነው ያሰበው፤ በየቀኑ ሲነሱለት፣ ቁጭ በሉ ማለት አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም።

አቶ ግርማቸው የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ብርድ ልብሱን ራሳቸው አንስተው አጠፉት። "ዛሬ የመጡትን ሽማግሌዎች አላየናቸውም" አሉ። "የሚመጣው እሁድ እርስዎ ይምጡ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።" አቶ ተካልኝ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

ረድኤት ደረጃው ላይ ቆየችው።

"ያሳፈረህ ምኑ ነው?"

"ድንጋዮቹ ሲቀመጡ... ሰው ሁሉ ሲያየን..."

"እኔም አረጃለሁ ምንያህል። ያን ጊዜ በየትኛው በር ነው የምታስገባኝ?"

መልሱን ሳትጠብቅ ፊቷን አዞረች። "አባቴ እሳቸውን እምቢ አይልም" አለች ወደ ታች እየወረደች። "እኔ ግን ገና እያሰብኩ ነው።"

ተመልሶ ሲገባ አጎቱ ኮታቸውን ወንበር ላይ አንጥፈው ብርቱካን እየላጡ ነበር።

"ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።"

"እንካ ብላ" አሉ ግማሹን እየሰጡት። "ለበሽተኛ የመጣ ነው፤ ሳይበላ ቢቀር ነውር ነው።"

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"በኋላ በር ስንወጣ። ይቀርባል አልከኝ፤ ይርቃል እኮ።" ቆዳውን ሰበሰቡ። "ያን ያህል ዘመን መንገድ ላይ የኖረ ሰው ቅርብና ሩቅ ይጠፋዋል ብለህ ነው?"

ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ምንያህል ብርቱካኑን እስከ መጨረሻው በላ።

በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ወልደየስ ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸውን፣ እንደ እሳቸው ጡረታ የወጡ ሾፌሮችን ይዘው ዋርካው ገቡ። ምንያህል ጭማቂ ቤቱ ነበር። በመስታወቱ ሁሉም ይታያል፤ እንዲታይ አድርጎ የነደፈው እሱ ነው። ድንጋዮቹ አልተነቃነቁም። ሊፍት የሚጠብቁ ሰዎች ዞር ብለው አዩ። ዘበኛው መጣና አስቆማቸው፤ አጎቱ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ አዲሱን ሱፋቸውን አስፈተሹ። ምንያህል ከወንበሩ ግማሽ ያህል ተነሳ። የጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉት ቀና ብለው አዩት። መልሶ ተቀመጠ።

ጭማቂው ሳይጠጣ ሞቀ። በመጨረሻ ረድኤት ደወለች።

"ሰጥተዋል" አለች። "አባቴ ምን እንዳለ ልንገርህ? ለልጁ ሳይሆን ለእርስዎ ነው የሰጠነው አላቸው።"

"አንቺስ?"

"እሳቸው ፊቴ ቆመው ሲለምኑኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ና፤ ታች እየጠበቁህ ነው።"

መንገዱን ተሻገረ። ኮቱን መቆለፍ ረሳ፣ ጉሮሮውንም አልጠረገ። ጋሽ ወልደየስ ሎቢው ማዶ፣ ኖር ባዮቹ የተቀመጡበት አግዳሚ መጨረሻ ላይ፣ ከአንዲት የድንጋይ አሮጊት አጠገብ አረፍ ብለው ነበር። ቆሞ መለመኑ አድክሟቸዋል፤ ወገባቸውን በአንድ እጃቸው ይዘዋል፤ አሁን የእውነት ነው። ከሩቅ ሲታዩ ከግድግዳው የወጡ ይመስላሉ።

ምንያህል እግሩን እንዳስገባ የወፍጮው ድምፅ ተሰማ። ከወገባቸው ብድግ ብለው አልቀሩም። ለምን እንደሆነ አይታወቅም፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው ተነስተው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉለት። ዘበኛው ኮፍያውን ነካ። ሊፍት የሚጠብቁት ዞረው አዩ።

ከመስመሩ መጨረሻም አጎቱ፣ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ቀስ ብለው ከድንጋዮቹ ጋር ተነሱ።

"ኖር" አሉት።

"በሞቴ" አለ ምንያህል። እጁን ዘርግቶ ደገመው። "በሞቴ፣ ቁጭ በሉ።"

አልተቀመጡም፤ ድንጋዮቹም፣ እሳቸውም። ሎቢው ረጅም ነው፤ ያስረዘመው ራሱ ነው። ያን ሁሉ መንገድ፣ እንደቆሙለት፣ ሄዶ መድረስ ነበረበት።